ተጎታች ይዤ ዳገት ስወጣ ሞተሩ ያፈላል፤ ተርሞስታቱን ላውልቀው?

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ኤስዩቪ አለኝ፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው። ሜዳ ላይ ምንም አይለኝም። 1,500 ኪሎ የሚመዝን ተጎታች አስሬ ተራራ መውጣት ስጀምር ግን የሙቀት ጌጁ ቀስት ከመሃል ተነስቶ ወደ ቀዩ ይሮጣል። ባለፈው ዳር ይዤ እንፋሎቱ እስኪበርድ ቆሜያለሁ። አንዱ መካኒክ ‹ተርሞስታቱን አውልቀህ ጣለው፣ ትገላገላለህ› አለኝ። ሌላው ትልቅ ራዲያተር ካላስገባህ መላ የለውም ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ኤሲውን አጥፋ› ትለኛለች፤ እኔ ለዘመኑ መኪና አያስፈልግም ባይ ነኝ። መንገዱ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ይወጣል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከዚህ የበለጠ ክብደት መጎተት ይችላል ይላል። ምን ይሻለኛል? ዳገት ያማረረው ነኝ።»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ተርሞስታቱን፣ ማለትም እንደ ሙቀቱ ውሃው ወደ ራዲያተሩ የሚሄድበትን በር የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ፣ አታውልቅ። ራዲያተሩንም ገና አትግዛ። በኤሲው ጉዳይ ባለቤትህ ልክ ናት። ምክንያቱን አንድ በአንድ ልንገርህ።

መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። መኪናህ፣ ሰዎቹና ተጎታቹ አንድ ላይ 3,500 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። መንገዱም በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ይህን ሁሉ ክብደት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ 53 ኪሎዋት ገደማ ያስፈልጋል። የነፋሱና የጎማው ትግል ገና አልተቆጠረም። የቤንዚን ሞተር ደግሞ ካቃጠለው ነዳጅ ለሥራ የሚያውለው ሲሶውን ያህል ነው። ሌላው ሲሶ ገደማ በማርሚታ ይወጣል። የቀረው አብዛኛው ኩላንቱ፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ራዲያተርህ ለዳገቱ ከዋለው ጉልበት ጋር የሚቀራረብ ሙቀት፣ 50 ኪሎዋት ገደማ በለው፣ ያለ ዕረፍት ማስወጣት አለበት። ባለ 2 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ 25 ያህሉን ኮፈኑ ስር እንደ ለኮስክ ቁጠረው።

አሁን ፍጥነቱን ወደ 50 አውርደው። ጭነቱ ያው፣ ዳገቱ ያው፤ የሚጠይቀው ግን 33 ኪሎዋት ነው። ምድጃዎቹ ወደ 16 ወረዱ። አንድ ብሎን ሳትፈታ፣ ኪስህን ሳትዳስስ የሙቀቱን ሲሶ ከላይህ አራገፍክ ማለት ነው። ጠቅላላ ስትደምረው እላይ እስክትደርስ የሚመነጨው ሙቀት ብዙም አይለያይም። ራዲያተሩ ግን የሚሸነፈው በድምሩ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ በሚወርድበት መጠን ነው። ጊዜ ስጠው።

«ቀስ ካልኩ የሚመታው ነፋስም ይቀንስ የለ?» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፤ ይቀንሳል። ግን ነፋሱን የሚስብ ቬንትሌተር አለህ፤ እሱ ደህና ከሆነ አየሩ በፍጥነቱ ልክ አይወርድም። ሙቀቱ ግን ይወርዳል። ቬንትሌተሩ ከደከመ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀስ ባልክ ቁጥር ይብስበታል። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመነካካትህ በፊት እሱን መርምር።

መኪናህ ቬንትሌተሩን በቺንጊያ የሚያዞር ከሆነ መሃሉ ላይ ክላች አለው። በውስጡ የሲሊኮን ዘይት አለ። ከፊቱ የተጠቀለለች ትንሽ ብረት ትታያለች፤ በራዲያተሩ አልፎ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ብረቷ ትዞርና ክላቹን ታሲዛለች። ሞተሩን አጥፋ። ከቀዘቀዘ በኋላ ቬንትሌተሩን በእጅህ አዙረው። ወፍራም ነገር ውስጥ እንዳለ ያዝ እያደረገ ከዞረ ጥሩ ነው። ገፋ ስታደርገው ብቻውን ደጋግሞ የሚሽከረከር ከሆነ ግን ክላቹ አልቆለታል። መሃሉ ዙሪያ ዘይት ወጥቶ አቧራ የያዘ ጥቁር ቅባት ካየህም ያው ነው። ሌላው ምልክት ድምፁ ነው። ደህና ክላች ዳገት ላይ ሲይዝ ያገሳል፤ ሬዲዮህን ይሸፍንብሃል። አንተ ያን ሁሉ ዳገት ስትወጣ ይህን ግሳት ካልሰማህ ጥፋተኛውን ያገኘህ ይመስለኛል። ቬንትሌተሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን አስነሳና ኤሲውን ክፈት፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ወዲያው መነሳት አለበት። ዙሪያውን የሚከበው ፕላስቲክም ሙሉ መሆኑን እይ። እሱ ከተሰበረ ወይም «ይቁም» ተብሎ ከወለቀ ቬንትሌተሩ የሚስበው በራዲያተሩ በኩል ያለውን አየር ሳይሆን በጎን ያገኘውን ነው።

ቀጥሎ የራዲያተሩ ክዳን። ሰው የሚንቀው ዕቃ ነው፤ ከፍታ ላይ ግን ከሁሉም በላይ ጉድ የሚሠራው እሱ ነው። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተርህ ደግሞ በጤናው ቀን ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው የሚሠራው። ታዲያ ለምን አይፈላም? ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ 1.1 ባር ገደማ ይይዛል። ያ ግፊት ካለ ንጹሕ ውሃ እንኳ በዚያ ከፍታ እስከ 118 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ኩላንት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ግፊቱ የለም። ሜዳ ላይ ሳያስነቃ ይሠራል፤ ዳገቱ ጫፍ ስትደርስ ያፈላልሃል። ክዳኑን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክፈትና ጎማውን በጣትህ ዳስሰው። ጠንክሮ ወይም ጠርዙ ተበልቶ ካገኘኸው አትከራከረው፣ ቀይረው። አዲሱ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። ከፍ ያለ ግፊት ያለው መግዛት ብልጠት አይደለም፤ ቱቦዎቹን ያፈነዳል።

ኩላንቱም ግማሽ በግማሽ ይሁን፤ ግማሽ ንጹሕ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ። ውሃ ብቻ የሚሞሉ ሰዎች «ውሃ የበለጠ ያቀዘቅዛል» ይላሉ። ሙቀት በመሸከም በኩል እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ቶሎ ይፈላል፣ ብረቱን ያዝጋል፣ ደለሉን የራዲያተሩ ጠባብ ቱቦዎች ውስጥ ይተዋል። በሌላ በኩል ኩላንቱን ያለ ውሃ ንጹሑን መሙላትም አይረዳህም፤ ብቻውን ሙቀት የመሸከም አቅሙ ደካማ ነው።

ወደ ተርሞስታቱ እንምጣ። መካኒክህ ተንኮል የለበትም፤ ምክሩ ጋራዥ ለጋራዥ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ነገሩ ወዲህ ነው። ብዙ ሞተሮች ላይ ተርሞስታቱ አንድ በር ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ሁለት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን ዘግቶ ውሃው በአቋራጭ ሞተሩ ውስጥ እንዲዞር ያደርጋል። ሲሞቅ የራዲያተሩን በር ይከፍትና አቋራጩን ይዘጋል። እሱን ስታወልቀው አቋራጩን የሚዘጋ የለም። ከፊሉ ትኩስ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ይቀዘቅዝልኛል ያልከው ዳገት ላይ ይበልጥ ይግላል። ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ በቂ ሙቀት አያገኝም፤ ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ቤንዚን ያበዛል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል።

ተርሞስታቱን ከጠረጠርከው ፈትነው። አውጣውና ድስት ውስጥ ውሃ ሞልተህ በክር አንጠልጥለው፤ የድስቱን ብረት እንዳይነካ። ቴርሞሜትር ክተትና ውሃውን አሙቀው። የሚከፈትበት ዲግሪ ራሱ ላይ ተቀርጿል፤ ብዙ ጊዜ 82 ወይም 88 ነው። እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ መላወስ መጀመር አለበት። ከዚያ በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ልዩነት ወለል ብሎ መከፈት አለበት። ግማሽ መንገድ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ለሜዳ ይበቃል፣ ለዳገት አይበቃም። ያኔ በአዲስ ቀይረው። ቦታውን ባዶ አታድርገው።

ራዲያተሩን ከመግዛትህ በፊት ደግሞ ያለህን እጠበው። ከፊቱ ያለው የኤሲው ራዲያተር ነው። በሁለቱ መሃል ያለችው ቀጭን ክፍተት ነፍሳት፣ ገለባና ጭቃ የሚጠራቀሙባት ጉድጓድ ናት፤ ከፊት ሆነህ ብታይ አትታይህም። ባትሪ አብርተህ ከላይ ወደ ታች ተመልከት። ስታጥብ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቀላል የውሃ ግፊት ይሁን። በኃይለኛ ግፊት ከረጨኸው ስስ ብረቶቹ ይታጠፉና የባሰውን ይዘጋሉ። ከፊት ግሪሉ ላይ ትልልቅ መብራት፣ ጽሑፍ ወይም ሌላ ጌጥ ሰክተህ ከሆነም ለጉዞው አውርደው። ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ቬንትሌተሩ፣ ክዳኑና ተርሞስታቱ ደህና ሆነው አሁንም ቢግል ያኔ የራዲያተሩ ሆድ በደለል ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ግዛ፤ ሰውዬው ልክ ይሆናል።

እኔ ብሆን ከትልቅ ራዲያተር ይልቅ ገንዘቤን የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ላይ አውል ነበር። ስለ ሞተር ሲወራ አውቶማቲክ ካምቢዮው ይረሳል። የብዙ መኪኖች የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው እዚያው ራዲያተሩ ጋን ውስጥ ነው። ዳገት ላይ ቶርክ ኮንቨርተሩ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ዕቃ፣ ካልቆለፈ ዘይቱን እያሸ ሙቀት ያመነጫል፤ ያ ሙቀት ደግሞ ዞሮ በኩላንቱ ላይ ይጫናል። ለብቻው የቆመ ማቀዝቀዣ ይህን ሸክም ያነሳል። ማቀዝቀዣው ያለውንም የሌለውንም የሚጠቅም ነገር ግን የማርሹ አያያዝ ነው። ካምቢዮው በአራተኛና በሦስተኛ መሃል እየዋለለ እንዲያስቸግርህ አትተወው። ኦቨርድራይቩን (ለሜዳ የሚሆነውን የመጨረሻውን ፈጣን ማርሽ) አጥፋ፣ ወይም የመጎተቻ ሁነታ ካለው እሱን ክፈት፣ ካልሆነም በእጅህ ማርሽ ቀንስ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር አካባቢ እየጮኸ ነዳጅ መስጫውን ግማሽ ብትረግጠው፣ በ1,800 ዙር ወለሉ ድረስ ከመርገጥ ይሻላል። ብዙ ሰው ጩኸቱን ይፈራል። ዙሩ ከፍ ሲል ግን የውሃ ፓምፑም፣ በቺንጊያ የሚዞረው ቬንትሌተርም አብረው ይፈጥናሉ። ማርሹን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ቀንሰው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ስለ ኤሲው። ኮምፕሬሰሩ ከሞተሩ ጉልበት ይወስዳል። ያ ብቻ ቢሆን ባልተከራከርኩህ። ዋናው ነገር ከቤቱ ያወጣውን ሙቀት የሚጥለው ከራዲያተሩ ፊት ነው፤ ራዲያተርህ የሚያገኘው አየር አስቀድሞ የሞቀ ነው። ዳገቱ እስኪያልቅ አጥፋው። ቀስቱ ከፍ ማለት ከጀመረ ደግሞ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈትና መስኮቱን አውርድ። የማሞቂያው ኮር ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነው። ላብ በላብ ትሆናለህ፣ ልጆቹም ያጉረመርማሉ፤ ግን ይሠራል። ማልዶ መነሳት ከቻልክ ደግሞ ይህን ሁሉ ጭቅጭቅ ትተርፋለህ። አየሩ በ10 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ለኩላንቱም የዚያኑ ያህል ትርፍ አገኘህለት ማለት ነው።

መጽሐፉ ይችላል ስላለው ክብደት አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅምሃል። ብዙ አምራቾች የሚጠቀሙበት የመጎተት መለኪያ ኤስኤኢ ጄ2807 ይባላል። የዳገት ፈተናው የተወሰደው አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም ከሚባለው መንገድ ነው። ርዝመቱ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ቢያንስ 38 ዲግሪ ሆኖ፣ ኤሲው እስከ ጥግ ተከፍቶ፣ መኪናው በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር ሳይወርድ መውጣት አለበት። ከባድ ፈተና ነው፣ አልክድም። ነገር ግን የመንገዱ ጫፍ ከባሕር ወለል 1,100 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። አንተ የምትወጣው 2,400 ነው። እዚያ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ በራዲያተሩ የሚያልፈው የአየር መጠንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ስለዚህ ይበልጥ ትረግጠዋለህ። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያቸው በየ1,000 ሜትሩ ክብደቱን በ10 በመቶ ቀንሱ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። መጽሐፍህን ገልብጥ፤ ስለ ከፍታ የተጻፈች አንቀጽ ልታገኝ ትችላለህ።

ጌጁንም ብዙ አትመነው። በብዙ መኪኖች ቀስቱ ሆን ተብሎ ደንዝዟል። ሙቀቱ ከ80 እስከ 105 ቢወዛወዝም መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሲነሳ ደግሞ ዘግይቷል። አንተ «ከመሃል ተነስቶ ይሮጣል» ያልከው ይህንኑ ነው። ዳሽቦርዱ ስር ኦቢዲ2 የሚባል መሰኪያ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በተሸጡ መኪኖች ላይ ግዴታ ነው፣ ሌላውም ዓለም ተከትሎታል። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኝ ትንሽ ማንበቢያ ሰካበት፤ ትክክለኛውን ዲግሪ ታያለህ። እኔ 105ን ሲያልፍ ፍጥነት እቀንሳለሁ፣ 115 ሲጠጋ እቆማለሁ። የመኪናህ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የሱን ያዝ።

መቆም ካለብህ አቋቋሙን እወቅበት። ሙቀቱ እየጨመረ ነው ግን እንፋሎት የለም፣ ውሃም አልፈሰሰም እንበል። ሜዳ ቢጤ ፈልግ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ከተጎታቹም ከመኪናውም ጎማ ኋላ ድንጋይ አድርግ። ሞተሩን አታጥፋ። ፓርክ ላይ አድርገህ ዙሩን ወደ 1,500 ከፍ አድርገውና ጥቂት ደቂቃ ያሂድ። ቢጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ የታፈነው ሙቀት መውጫ ያጣል። እንፋሎት ከታየ ወይም ቀስቱ ቀዩ ውስጥ ከገባ ግን ወዲያው አጥፋ። ክዳኑን እንዳትነካ። ላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጅህ ጨብጠህ ሳያቃጥልህና ሳይወጠር ሲቀር ብቻ ክፈት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትከልብስ፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል።

ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ እዚያ የሚግለው ፍሬኑ ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ዜሮ ማርሽ የሚባል ነገር አይኑር።

ስትመለስ በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የኩላንቱን መጠራቀሚያ እይ። መስመሩ ላይ ከሆነ ደህና ነው። ከወረደና የሚያንጠባጥብ ነገር ከሌለ እስከ መስመሩ ሙላና ምልክት አድርግ። በሚቀጥለው ጉዞ እንደገና ከወረደ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሃል ያለው ማሸጊያ፣ መጠርጠር አለበት። ባለፈው ስላፈላብህ የመቃጠል ዕድሉ አለ። የጭስ ጋዝ ኩላንቱ ውስጥ መግባት አለመግባቱን በቀለም በሚለወጥ ፈሳሽ የሚመረምሩ ጋራዦች አሉ፤ ሥራው የደቂቃዎች ነው። ውጤቱን ሳታውቅ ተጎታቹን አትሰር።